አርባ ሦስት ቦታ

ኮት ኒሃላ፣ ፑንጃብ
ኖቬምበር 20 ቀን 2008

ልጄ ኪራንጆት፣

እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽም አያትሽም ደብዳቤ ሲጽፉ እንዲህ ነበር የሚጀምሩት፤ ከብት ቢያልቅም ጣሪያ ቢወርድም «እዚህ ሁላችንም ደህና ነን»። ስለዚህ እንዳለ አትቀበይው።

ስልክ ስደውል ለምን አይመጡም ብለሽ የተቆጣሽው እውነትሽን ነው፤ ይቅር በይኝ። አንድ ቀን ጎሿን እያለብኩ ነበር፣ አንድ ቀን እርሻ ነበርኩ። ደግሞ ስልኩ ያለው ምራቴ ሚንዶ ልብስ የምትሰፋበት ክፍል ነው፤ የመንደሩ ሴት ሁሉ እዚያ ነው የሚውለው። ስለዚህ አትደውይ። ጻፊ። እንግሊዝ አገር ፖስታ ቤት አልጠፋም።

ስላዘጋጀሁት መጽሐፍ ጠይቀሻል። ለበዓሉ ደርሷል። አንድ ሺህ አንድ መቶ ጉትካ፣ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ፣ ሽፋኑ ሰማያዊ፣ መዳፍ የሚያክል። ሰው ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ራሱ ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ ወሰደ። የጉርድዋራው፣ የቤተ ጸሎታችን፣ ሰዎች በሕዝብ ፊት አመሰገኑኝ። እኔም አፌን ሞልቼ «የወንድሜ ልጅ ናት፣ ዎልቨርሃምፕተን ቁጭ ብላ ጽሑፌን ሁሉ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ያሻገረችልኝ» አልኩ። እንግዲህ ስምሽም ገብቷል።

ከበዓሉ በኋላ በአራተኛው ቀን ቢቢ ቻናን መጣች። ታስታውሻታለሽ፣ ያቺ ስልሳ ዓመት ሙሉ የንጋቱን ጸሎት ሳታስታጉል የምታነበው አሮጊት። ጉትካውን ከጨርቁ ፈታ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አስቀመጠች።  ሲሃሪዋ፣ የድምፅ ምልክቷ፣ ቦታዋ ላይ የለችም። ከፊደሏ ፊት መቆም ሲገባት ሄዳ ሌላ ፊደል ላይ ተንጠልጥላለች። «ዓይንሽ ደክሞ ይሆናል» ብዬ ሸኘኋት። እሷ እንደወጣች በሩን ዘግቼ አነበብኩ። ሌላ አራት ቦታ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ፈራሁት።

ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፦ ያ ማሻገሪያሽ አንዳንድ ጊዜ ይረሳል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አጎትሽ ሃርኔክ ሲንግ


ዎልቨርሃምፕተን
ኖቬምበር 29 ቀን 2008

የተከበሩ ቻቻ ጂ፣ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነበር፤ መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አለፍኩት። 

ስንት ነው? ቻቻ ጂ፣ እባክዎ ይቁጠሩት። አምስት ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ሃምሳ ከሆነ ሌላ። ከቢቢ ቻናን ሌላ ያየ ሰው አለ? ለጊያኒ ሳርዋን ነግረዋቸዋል? አርባ ዓመት ጓደኛዎ ናቸው፤ መጽሐፉን አብረዎት ያነበቡትም እሳቸው ናቸው። ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ከእርስዎ ይስሙት። ባለፈው ዓመት የደረሰውን የዚያን አታሚ ጉድ እዚህም ሰምተነዋል። ያ ሰውዬ እኮ ያጠፋው የቅዱስ መጽሐፍ አንድ ገጽ ገልብጦ መጠረዝ ብቻ ነበር። ሱቁን ማን እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ስለ ማሻገሪያው ለጠየቁኝ፦ በድሮው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሲሃሪን የሚመቱት ልክ በብዕር እንደሚጽፏት ነው፤ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ፊደሏን። አዲሱ ኮምፒውተር ግን የሚያስበው እንደ ምላስ ነው። መጀመሪያ ፊደሉን ይይዛል፣ እሷን ከኋላው ያስቀምጣል፣ ለዓይን ብቻ ወደፊት ያወጣታል። የእኔ ማሻገሪያ ፕሮግራም ሥራው እያንዳንዷን ሲሃሪ ይዞ ፊደሏን ማሳለፍ ነው። ባለፈው ጃንዋሪ እርስዎ ጋ ሆኜ የሠላሳ ዓመት ጽሑፍዎን ባሻገርኩበት ጊዜ አሥር ገጽ አይቼ ደህና ነበር። አብረን ነው ያየነው፣ ያስታውሳሉ።

ትናንት ደወልኩ። ሚንዶ «አባባ ጓሮ ናቸው» አለችኝ። ጓሮው እኮ አሥር እርምጃ ነው! ስሜን እየጠራች ስትጮህ እኔ እዚህ ሆኜ ሰማኋት። ለምን አልመጡም? ተቀይመውኛል?

ልጅዎ ኪራንጆት


ኮት ኒሃላ
ዲሴምበር 7 ቀን 2008

ልጄ ኪራንጆት፣

ቅያሜ የለም። ምን አድርገሽኝ? ጓሮ አተር እየፈለፈልኩ ነበር፤ አተር ደግሞ ሐሳብ ይወስዳል።

አርባ ሦስት ናቸው። ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ቅር ያለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አሥሩ ገጾች ደህና ናቸው ብለሽ ጽፈሻል እንጂ «ይረሳል ወይ» ላልኩሽ አልመለስሽም። ግድ የለም።

አሁን ያልገባኝን ነገር ልንገርሽ። ሰው ሰላምታ ነሳኝ። ለማንም ሳልናገር! የወተቱ ሰውዬ ጣሳውን አስቀምጦ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ጉርድዋራ የጋራው ማዕድ ላይ ሰልፍ ይዤ ስቀመጥ ግራና ቀኜ ባዶ ቀረ፤ ሮቲ፣ ቂጣውን፣ የሚያድለው ሰው እንኳ መዳፌ ላይ የጣለልኝ ሳያየኝ ነው። ጊያኒ ሳርዋን ከሩቅ ያየኛል፣ ሊመጣ ይልና ይመለሳል። ቢቢ ቻናን ይሆን ያወራችው ብዬ ነበር፤ እሷ ግን እንደዚያ ዓይነት ሴት አይደለችም።

ያሳተምንበት ማተሚያ ቤት ተዘግቷል። ባለቤቱ ሚስቱን ይዞ ወደ አማቶቹ አገር ሄደ ይላሉ። የሚያስፈራኝ ግን እሱ አይደለም፤ ሚንዶ ናት። የውጩን በር በቀን በአሥር ሰዓት መቆለፍ ጀምራለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ! ለምን ስላት የራሷን ሻሽ ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አንገቷን ትደፋለች። አንዳንዴ ድስቷን ጥላ ብድግ ትልና በሩን ታያለች። እኔም አያለሁ። በሩ ላይ ምንም የለም። ልጄ፣ ባሏ፣ ከነጭነት መኪናው ጉጃራት ነው፤ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ አይመለስም።

የሚያስፈራኝ ሌሊቱ አይደለም፣ ቀኑ ነው። ሁሉም ሰው አንድ ነገር ያውቃል፣ እኔ ብቻ አላውቅም።

አጎትሽ ሃርኔክ


ዎልቨርሃምፕተን
ዲሴምበር 13 ቀን 2008፣ በፈጣን ፖስታ

ቻቻ ጂ፣

ሰላምታውን ይለፉልኝ፤ ጊዜ የለም።

ዛሬ ከሚንዶ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ። እያለቀሰች ነበር። ስህተቱን ሌሎች አንባቢዎችም አይተውታል፤ ከዲሴምበር ሁለት ጀምሮ ጉርድዋራው በድምፅ ማጉያ እየጠራዎት ነው። ጠዋትና ማታ፣ በስምዎ። «ጉትካውን ያዘጋጀው ሃርኔክ ሲንግ በአምስቱ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ያስረዳ» ይላል። የጊዜ ገደቡ የማጊ በዓል ነው፣ ጃንዋሪ 14። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ከእኛ እጅ ወጥቷል ብለዋል። ማጉያው የተሰቀለው ከቤትዎ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ እዚያ ቁጭ ብለው አተር ይፈለፍላሉ። መንደሩ «ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎናል፤ አውቆ ነው ያደረገው ማለት ነው» እያለ ነው። በሩ ላይ ምንም የለም ያሉኝ ጊዜ ሁለት ሞተር ብስክሌት ሞተራቸውን እያስጓሩ ከመንገዱ ጫፍ ቆመው ነበር። የዚያ መንደር ጎረምሶች አይደሉም። ሚንዶ ድስቷን የምትጥለው ለዚህ ነው። እርስዎ ሰምተው ዝም ያሉ ስለመሰላት አማቷን ደፍራ አልጠየቀችም።

ቻቻ ጂ፣ አልሰሙትም። አይደል?

ስልኩ። ጓሮው። ባለፈው ጃንዋሪ እኔ ስናገር አፍ አፌን ያዩ የነበረው። እኔ ደደቧ «አጎቴ እንዴት በጥሞና ያዳምጣሉ» ብዬ ለሰው አውርቻለሁ።

አሁን የእኔን ልናገር፤ ከእንግዲህ ብደብቅ ሰው አይደለሁም። አዎ፣ ይረሳል። ፊደሉ ከእግሩ ሥር ሌላ ትንሽ ፊደል ተሸክሞ ሲመጣ ማሻገሪያዬ ቆጠራው ይሳሳትና ሲሃሪዋን ሌላ ቦታ ይጥላታል። ይህንን ያወቅሁት ማርች ላይ ነው። ቫንኩቨር ያለ አንድ ሰው ጻፈልኝ። በዚያው ቀን አስተካከልኩት፣ ላወቅኳቸው ሁሉ አዲሱን ላክሁ። ለእርስዎ ብቻ አልላክሁም። እርስዎ በእኔ ለመንደሩ ሁሉ ሲኮሩ «አጎቴ፣ ሥራዬ ስህተት አለበት» ማለት ሞት መሰለኝ። ደግሞ ለራሴ ምን አልኩ መሰልዎ? «እነሱ እንደሆነ ከመታተሙ በፊት ድምፅ አውጥተው ያነቡታል፤ ጊያኒ ሳርዋን እያንዳንዱን ምልክት ይጠራሉ፣ ቻቻ ጂ ይሰማሉ፤ ምንም አያመልጣቸውም።» ስምንት ወር እንዲህ እያልኩ ተኛሁ።

ይምቱኝ። ግን መጀመሪያ ከዚያ ቤት ይውጡ።

ኪራንጆት


ኮት ኒሃላ
ዲሴምበር 18 ቀን 2008

ልጄ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ወደ በሩ ሄድኩ። መዳፌን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጥኩ። ይንቀጠቀጣል። ሞተራቸው በዚያ በኩል እየጓራ ነበር። እኔ ግን ነፋስ እንኳ ያለ አልመሰለኝም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ሚንዶ ናት እጄን ይዛ ያስገባችኝ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ጦርነት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ፈርቼ አላውቅም።

አዎ። አልሰማም። አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። መጀመሪያ የሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ የወፎቹ፣ የውሃ ቧንቧው፣ የሴቶች ሹክሹክታ። ቤቱ ዝም ያለው አክስትሽ ስለሞተች መስሎኝ ነበር። የሚያናግረኝ ስለሌለ ነው ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ አለቀስኩ። ሳውቀው ሀፍረትም ፍርሃትም ያዘኝ። በእኛ ሥራ ዓይንሽ ቢደክም መነጽር ይሰጡሻል፤ የማይሰማ ሰው ግን መጽሐፍ ሲታረም ለንባቡ አይቀመጥም። ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበት ምንጣፍ ነው። ከእሱ ካነሱኝ ምን ቀረኝ? አተር?

ሴፕቴምበር ላይ እንደ ወጉ ተቀመጥን። ጊያኒ ሳርዋን የድሮውን መጽሐፍ ይዞ ፊደሉንም ምልክቱንም አንድ በአንድ እየጠራ ያነባል። እኔ አዲሱን ወረቀት ይዤ ጣቴን እያስሄድኩ እከተላለሁ። ከንፈሩን ለማየት ቀና ስል ጣቴ ያለበትን አጣለሁ፤ ወረቀቱን ሳይ ከንፈሩን አጣለሁ። በሁለተኛው ቀን ከንፈሩን ተውኩት። ዝም ብዬ ራሴን መነቅነቅ ጀመርኩ። ጽሑፉን በልቤ ስለማውቀው ዓይኔ ያየው የሚያውቀውን እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለውን አልነበረም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለታችንም የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ ፈረምን። እሱ «አነበብኩ» ብሎ፣ እኔ «ሰማሁ» ብዬ።

አየሽ፣ አንቺ በእኔ ጆሮ ተማመንሽ፣ እኔ በአንቺ ማሻገሪያ። ስለ መምታቱ፣ ስትመጪ እናስብበታለን።

ከቤት ውጡ ብለሻል። ወዴት?

ሃርኔክ


ዎልቨርሃምፕተን
ዲሴምበር 26 ቀን 2008

ቻቻ ጂ፣

ደልሂ፣ ወንድሜ ቤት ይሂዱ። ተነጋግረናል፤ መኪና ይልካል፤ ሚንዶንም ይዞ። ነገሩ እስኪበርድ ሁለት ወር ብቻ።

ሮጠ ይሉኛል ብለው እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ይበሉ! ቻቻ ጂ፣ እዚያ የሚሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ እንደ ቢቢ ቻናን አይደለም። ከአምስቱ ሽማግሌዎች ፊት መቆሙን አልፈራም፤ ከበሩ ውጭ የሚቆሙትን ነው የምፈራው። ሰው አንድ ጊዜ ከተቆጣ የሚናገሩትን አይሰማም፤ እርስዎ ደግሞ እሱ የሚናገረውን አይሰሙም። ከኋላዎ ቢጠሩዎትስ? ቁሙ ቢሉዎትስ? አልሰማም ብለው ቢራመዱ ንቀት ነው የሚመስላቸው። ይህን እያሰብኩ  ሥራ ቦታ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ እውላለሁ።

ካልሄዱ ደግሞ ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት ይስጧቸው። በእጄ የጻፍኩት ነው፤ ስሜም አድራሻዬም አለበት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አውቄ ደብቄያለሁ ይላል። ስለ ጆሮዎ አንድ ቃል የለበትም። ይህን ከሰጡ ማንም ምንም አይጠይቅዎትም፤ ወደ ምንጣፍዎ ይመለሳሉ። እለምንዎታለሁ።

ሲወስኑ ለሚንዶ ይንገሯት፤ በየቀኑ እደውላለሁ።

ልጅዎ ኪራንጆት


ኮት ኒሃላ
ጃንዋሪ 17 ቀን 2009

ልጄ ኪራንጆት፣

በሕይወት አለሁ። ሚንዶ በስልክ የነገረችሽን አውቃለሁ፤ እሷ ግን ሴቶቹ በኩል ስለነበረች ግማሹን አላየችም፤ ግማሹንም ስታለቅስ አመለጣት።

ደልሂ አልሄድኩም። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ እንደነበር ግን እወቂ። መኪናው ደጅ ቆሞ ነበር። ሚንዶ ሻንጣውን ስታነሳ ጉትካው ከላይ ነበር፤ ይዤው ልሄድ? እነዚያን አርባ ሦስቱን ይዤ ደልሂ ገብቼ ጠዋት ጠዋት ምን ላነብ? ሾፌሩን ሻይ አጠጥተን መለስነው።

በማጊ ዕለት ጠዋት ሁለት መቶዋን እርምጃ በእግሬ ሄድኩ። ሞተሮቹ ከኋላዬ እንደሚመጡ ያወቅሁት ሚንዶ ክንዴን ስትጨብጠኝ ነው። አልዞርኩም። የተናገሩኝን ሁሉ ስላልሰማሁ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ሄድኩ፤ ሚንዶ በኋላ «አባባ፣ እንዴት ጨከኑ!» ትለኛለች። ፍርሃቴን ግን አላየችም።

ጉትካዎቹን ሰው ሁሉ መልሶ አምጥቶ ነበር። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ከፊት ተደርድረዋል፤ በክብር ለእሳት ይሰጣሉ። ከሺህ አንድ መቶው አሥራ አንድ ብቻ ጎድለው ነበር። አንገቴ ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ወረቀትሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። አምስቱ ተቀምጠዋል። መካከለኛው አፉን ከፈተና ተናገረ። ጢሙ ትልቅ ነው፤ ከንፈሩ አይታይም። ጠበቀኝ። እንደገና ተናገረ። ሕዝቡ ከኋላዬ መንቀሳቀሱን በእግሬ ሥር ባለው ምንጣፍ ተሰማኝ፤ ሰዎች ተነስተው ነበር። ራሴን ብነቀንቅ ያልፋል፤ ለአራት ዓመት ያለፈው እንደዚያ ነው። ምን ጠይቀውኝ ነው የምነቀንቀው? አውቀህ ነው ወይ ብለውኝስ ከሆነ?

እና አልኩት። ምን ያህል ጮኼ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ሚንዶ እስከ መንገዱ ተሰማ ትላለች። «ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ። አልሰማም። ይህ መጽሐፍ ሲነበብም አልሰማሁም። ሰማሁ ብዬ የፈረምኩት ውሸት ነው።»

ወረቀትሽን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺን ለማዳን ብዬ ብደብቀው ያው አዲስ ውሸት ይሆን ነበር። ይቅር በይኝ፤ ስምሽ ተነበበ።

ከዚያ ግን ያልጠበቅሁት ሆነ። አንድ ሰው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጊያኒ ሳርዋን። እሱም ጨርቅ አንገቱ ላይ አድርጓል። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ከንፈሩን እንዳይ ብሎ በዝግታ፣ ሕዝቡም እንዲሰማ እንዲህ አለ፦ «አውቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሆን ብዬ ሌላ ምልክት ጠራሁ። ራሱን ነቀነቀ። ልነግረው አፈርኩ። ከምንጣፉ ሲነሳ ማየት አልቻልኩም። ዘጠኝ ቀን ለማይሰማ ሰው አነበብኩ።»

ያ ሰላቢ! ከሩቅ እያየ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ቅጣታችን አንድ ነው። ለአርባ አንድ ቀን የጉርድዋራው ጫማ ማስቀመጫ ቤት ቁጭ ብለን የሕዝቡን ጫማ እንጠርጋለን። መጽሐፉ እንደገና ይነበባል፤ ጊያኒ ይጠራል፣ ቢቢ ቻናን ትከተላለች። ቁጭ ብዬ እንድመለከት ተፈቅዶልኛል፤ ምንጣፉ ላይ ግን አይደለም። እሱን ሲያነቡት አመመኝ፤ አሁንም ያመኛል። ላንቺ ደግሞ አምስቱ አንድ መልእክት አላቸው፦ ማሻገሪያሽን ይዘሽ መጥተሽ፣ እያንዳንዷን ሲሃሪ በራስሽ ጣት ቆጥረሽ፣ በሕዝብ ፊት «ቆጠርኩ» ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ቲኬት ቁረጪ። ሙቅ ልብስ ያዢ፤ ጉሙ ዘንድሮ ክፉ ነው።

ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ጫማ ቤት ውስጥ መናገር አያስፈልግም። ሰው ጫማውን ይሰጥሻል፣ ትጠርጊያለሽ፣ ትመልሺያለሽ። የወተቱን ሰውዬ በጫማው አወቅሁት። ዛሬ ጠዋት ከሞተረኞቹ አንዱ መጣ። ጭቃ የበላው ትልቅ ቡትስ። ፈራሁ፤ አልዋሽሽም። ጠርጌ ስሰጠው አንድ ነገር ተናገረኝ። ራሴን ነቅንቄ ልተወው ነበር። ከዚያ «ጮክ በል፣ አልሰማም» አልኩት። ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያሳየኝ በሹክሹክታ «አያቴም አይሰሙም» አለና ሄደ። ጊያኒ «ምን አለህ?» ብሎ በእጁ ጠየቀኝ። አልነገርኩትም፤ እሱም ትንሽ ይቸገር።

ሚንዶ ግን አሁንም በሩን በአሥር ሰዓት ትቆልፋለች። እኔም ከመተኛቴ በፊት መዳፌን ቆርቆሮው ላይ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። እስካሁን አልተንቀጠቀጠም።

እሁድ ደውይልኝ። ድምፅሽን አልሰማውም፤ ግን ስልኩ አጠገብ ወንበር አስቀምጬ እጠብቅሻለሁ። አንቺ የምትዪውን ሚንዶ ወረቀት ላይ ትጽፍልኛለች፣ እኔ እመልስልሻለሁ። ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ እሷ ጽሕፈት ላይ ቀርፋፋ ናት።

አጎትሽ ሃርኔክ ሲንግ